«በቀለ» የሚለው ስም፦ ትርጉሙ፣ የታወቁበት ሰዎች፣ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሲሆን

የሐና አባት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለዚህ መድረክ አባላት። የአሥር ዓመቷ ልጄ ሐና ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ወረቀቱ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ የቤተሰባችሁ ስም ምን ማለት ነው፣ ስሙ በቤተሰባችሁ ውስጥ ከመቼ ጀምሮ አለ፣ በዚህ ስም የታወቁ ሰዎችስ እነማን ናቸው ይላል። አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅ የእነርሱ ስም አንጥረኛ ማለት እንደሆነና ከሩቅ ዘመን የዘር ማንዘራቸው ሙያ የመጣ እንደሆነ ነግሯት ስለነበር፣ እርሷም ከእኔ ተመሳሳይ ታሪክ ጠበቀች።

እኔ ግን ገና ከመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ቆምኩ። በመንጃ ፈቃዴ፣ በቤት ኪራይ ውሌና በሐና የልደት ምስክር ወረቀት ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የተጻፈው «በቀለ» ነው። በቀለ ደግሞ አባቴ ናቸው፤ ደብረ ብርሃን ይኖራሉ፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። ከባንክ ወይም ከጥርስ ሐኪም ቤት ተደውሎ «ሚስተር ቤኬሌ» ሲሉኝ፣ እዚህ አገር አሥራ ስምንት ዓመት ከኖርኩ በኋላም አባቴን ፈልገው የደወሉ ይመስለኛል።

ስለ ስሙ ትርጉምና በስሙ ስለታወቁ ሰዎች የምታውቁትን ብትጽፉልኝ አመሰግናለሁ። ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላም ጉዳይ አለኝ። ባለቤቴ በመጪው መጋቢት ትወልዳለች፤ የሚወለደውን ልጅ እንደ ሐና «በቀለ» ብለን እናስመዝግበው ወይስ እንደ አገራችን ደንብ በእኔ ስም ይጠራ በሚለው ላይ እስካሁን አልተስማማንም።


መምህሩ (ባሕር ዳር)

የተከበሩ የሐና አባት፣ ከትርጉሙ ልጀምር። «በቀለ» ግስ ነው፤ ስም ሆኖ የቆመ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው ቢባልም አያስነቅፍም። ዘር አፈር ውስጥ ገብቶ፣ ርሶ፣ ፈንድቶ፣ ጫፉን ከመሬት በላይ ሲያወጣ «በቀለ» እንላለን። የአማርኛ የተጸውዖ ስሞች ብዙዎቹ እንዲህ በኃላፊ ጊዜ የተነገሩ ግሶች ናቸው፤ ከበደ፣ አየለ፣ ታደሰ፣ ደረሰ፣ ተሾመ፣ አበበ ሁሉ ከዚህ ወገን ናቸው፤ ለሴት ሲሆኑም በቀለች፣ ከበደች፣ አበበች ይሆናሉ። ለልጅዎ መምህርት ይህን ቢያስረዱልኝ ደስ ይለኛል፤ የጎረቤቷ ልጅ ስም አንድ ሰው ምን ይሠራ እንደነበረ ሲናገር፣ የእናንተ ግን አንድ ነገር መድረሱን የሚያበስር ነው።

ሥሩ ጥንታዊ ነው። በግዕዝ «በቈለ» ይባላል፤ በኦሪት ዘፍጥረት ምድር ሣርን እንድታበቅል የታዘዘችበት «ታብቍል» የሚለው ቃልም ከዚሁ ግስ የወጣ ነው። ከአማርኛ ቤተ ዘመዶቹ ውስጥ «ቡቃያ» አንዱ ነው፤ ከፈለ ካለው ከፋይ እንደሚወጣ ሁሉ፣ በዚህም «ለ» ወደ «የ» ተለውጦ ነው። ዛሬ በየመግለጫው የምንሰማው «አገር በቀል» የሚለው አነጋገርም ከዚሁ የመጣ ሲሆን፣ ከውጭ ያልመጣ፣ ከአገሩ አፈር የወጣ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስደስተኝ ዘመድ ግን ብቅል ነው። እናቶቻችን ገብሱን ዘፍዝፈው፣ አጥልለው፣ በጉሎ ወይም በኮባ ቅጠል ሸፍነው፣ ድንጋይ ጭነው ጥቂት ቀን ሲያቆዩት ያጎነቁላል፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣና ለጠላ ይሆናል። የደብረ ብርሃን ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ልጅዎ ለክፍል ጓደኞቿ «የእኛ ስምና የጠላ ብቅል የአንድ እናት ልጆች ናቸው» ብትል ሐሰት አልተናገረችም፤ ለአሥር ዓመት ልጅ የሚመከር ምሳሌ መሆኑን ግን ለወላጅ እተወዋለሁ።

ይኸው ቃል በአፋን ኦሮሞም አለ። «ቢቂሉ» መብቀል፣ «ቢቂልቱ» ተክል ሲሆን፣ «ቢቂላ» የሚለው የወንድ ስም ደግሞ የእኛ «በቀለ» አቻ ነው። የአበበ ቢቂላን ስም በዚህ ዓይን ቢያዩት አባት በአንዱ ቋንቋ በቀለ፣ ልጅ በሌላው ቋንቋ አበበ። ማንም አስቦ ያደረገው አይመስለኝም፤ ግን ቅደም ተከተሉ እንኳን የተክል ነው።


ጂዳ ያለችው

ጤና ይስጥልኝ። መምህር፣ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ በአረብ አገር የሰፈር ትንሽ ሱቅ «ባቃላ» ትባላለች፤ ለዳቦም ለወተትም የምንላከው ወደዚያው ነው። ስምንት ዓመት ስመላለስ ኖሬ ቃሉን ከ«በቀለ» ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር። አሠሪዬን ስጠይቃቸው «በቅል» በአረብኛ አትክልትና ቅጠላ ቅጠል ማለት እንደሆነ፣ ባለ ሱቁም ስሙን ያገኘው አትክልት ሻጭ ከመባል እንደሆነ ነገሩኝ። ዝምድናው እውነት ነው ወይስ አጋጣሚ?


መምህሩ

እህቴ፣ አጋጣሚ አይደለም። አረብኛና ግዕዝ ሁለቱም ሴማዊ ቋንቋዎች ሲሆኑ፣ ሥሩ በሁለቱም ከምድር የሚወጣን ለምለም ነገር ያመለክታል። በአረብኛ ወደ አትክልትና ወደ ሱቅ ሄደ፣ በእኛ ዘንድ ወደ ቡቃያ፣ ወደ ብቅልና ወደ ሰው ስም ሄደ።


ስሜን አልናገርም

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ «በቀል» ቂም መወጣት ማለት አይደለም እንዴ? አንድ የማውቀው ሰው፣ ስሙም በቀለ ነው፣ ሰዎች «በቀለኛ» እያሉ ሲቀልዱበት ልጅነቱን እንዳሳለፈ ነግሮኛል። ለልጅ የሚወጣ ስም እንዲህ ያለ ትርጉም ካለው ለትምህርት ቤት ወረቀት የሚሆን አይመስለኝም።


መምህሩ

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። በዛሬው አማርኛ ሁለቱ በአንድ «ቀ» ስለሚጻፉ አንድ ይመስላሉ እንጂ፣ በግዕዝ የሚበቅለው «በቈለ»፣ የሚበቀለው ደግሞ «ተበቀለ» እየተባለ በፊደል ተለይቶ ይጻፍ ነበር። አማርኛ «ቈ»ን በዚህ ቃል ላይ ስለጣለ መልካቸው ተደባለቀ። ይሁንና ዛሬም የሚለያቸው ምልክት አለ፤ ቂሙን የተወጣ ሰው «ተበቀለ» ይባላል እንጂ ማንም «በቀለ» አይለውም። ስለዚህ ስሙ ንጹሕ ነው። «በቃሉ» የሚባለውንም ከዚህ ጋር የሚያዛምዱ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ያ ግን «በ» እና «ቃሉ» ተጣምረው የወጣ ሌላ ስም ነው።


ሩጫ ወዳድ (አሰላ)

ወደ ታዋቂዎቹ ልለፍ፤ ይህ የእኔ ድርሻ ነው። በዓለም ላይ «በቀለ» የሚለውን ስም ያስተዋወቀው፣ ያለ ክርክር፣ ቀነኒሳ በቀለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በአርሲ በቆጂ አጠገብ ተወለደ። በ2004 በሄንግሎ 5000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ፣ በ2005 በብራሰልስ 10000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጦ ያስመዘገባቸው የዓለም ክብረ ወሰኖች እስከ 2020 ድረስ የደፈራቸው አልነበረም። በአቴንስ በ10000 ሜትር ወርቅ አገኘ፣ በቤጂንግ ሁለቱንም ርቀት አሸነፈ። በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና በአዋቂዎች ውድድር በግሉ አሥራ አንድ ጊዜ ወርቅ ወስዷል፤ ከ2002 እስከ 2006 ባሉት አምስት ዓመታት አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት በአንድ ቅዳሜና እሁድ እየጠቀለለ ይሄድ ነበር። በ2019 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሲጨርስ፣ ከወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን የቀረው ሁለት ሰከንድ ብቻ ነበር። ያን ቀን የመጨረሻዋን ሁለት ኪሎ ሜትር ቆሜ ነበር ያየሁት፤ ጎረቤቶቼ በጩኸቴ ምን ሆነ ብለው መጡ።

ታናሽ ወንድሙ ታሪኩ በቀለም አለ። በ2008 በቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና በ3000 ሜትር ወርቅ አግኝቷል፤ በለንደን ኦሎምፒክ በ10000 ሜትር ሦስተኛ ሲወጣ አራተኛው ቀነኒሳ ነበር። ውጤት ሰሌዳው ላይ «በቀለ፣ በቀለ» ተብሎ ተከታትሎ ተጻፈ። የፈረንጅ የሩጫ ዘጋቢዎች ያን ጊዜ ግራ ገብቷቸው የመጀመሪያ ስማቸውን ለመጥራት ሲገደዱ ሰማሁ፤ እኛ ሁልጊዜ እንደምንጠራቸው ማለት ነው።

ከእግር ኳስ ሽመልስ በቀለን ጨምሩ። የሐዋሳ ልጅ ነው፤ ኢትዮጵያ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰችበት በ2013 የብሔራዊ ቡድኑ የመሀል ተጫዋች ነበር፤ በኋላም በግብፅ ክለቦች ለረጅም ጊዜ ተጫውቷል።


የጥንቱ ሬዲዮ

ሯጮቹ ሁሉን ወሰዱት እንጂ፣ ለእኔ ትውልድ «በቀለ» ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ድምፅ ነው። ብዙነሽ በቀለ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ፣ ሂሩት በቀለ በፖሊስ ኦርኬስትራ የዘመናዊውን የአማርኛ ዘፈን ሴት ድምፅ ያቆሙ ሰዎች ናቸው። የብዙነሽ ድምፅ ከናስ መሣሪያዎቹ በላይ ወጥቶ ሲሄድ የሰማ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ሂሩት ዓለማዊውን መድረክ ከተወች በኋላ በመንፈሳዊ መዝሙር ቀጠለች።

እዚህ ላይ ለሐና የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። «ብዙነሽና ሂሩት እህትማማቾች ናቸው ወይ» የሚለውን ጥያቄ ከውጭ አገር ከሚመጡ ሙዚቃ ሰብሳቢዎች ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ የሸክላውን ሽፋን አይተው ስማቸውን ያነባሉና። በእነርሱ አገር ሁለት ዘፋኞች አንድ የቤተሰብ ስም ካላቸው ዝምድና መጠርጠር ያስኬዳል። በእኛ ዘንድ ግን የሁለቱ አባት በቀለ መባላቸው ከማንኛውም ሌላ ሁለት ሰው የበለጠ አያዛምዳቸውም።

እንዲያውም ከዚህ የባሰ አለ። ብዙነሽ በቀለ የምትባል የማራቶን ሯጭም አለችን፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የዱባይን ማራቶን ያሸነፈችው እርሷ ናት። በስምና በአባት ስም ከዘፋኟ ጋር አንድ ሆኑ። በኮምፒዩተር ስሟን የፈለገ ሰው ዘፈን ሲጠብቅ ሩጫ፣ ሩጫ ሲጠብቅ ዘፈን ይመጣለታል። ይህን ነው እንግዲህ የአያት ስም የሚፈታው።


ወይዘሮዋ ከኮተቤ

ልጄ፣ የእነዚህን ሁሉ ጽሑፍ አነበብኩ፤ ሁሉም ጥሩ ጽፈዋል። ነገር ግን አንድም ሰው በቀለ የሚባል ሰው አልጠቀሰልህም። ቀነኒሳ በቀለ አይባልም፤ ቀነኒሳ ነው የሚባለው። ብዙነሽም ብዙነሽ ናት። በቀለ የየአባቶቻቸው ስም ነው። እኛ አገር አንድን ሰው በአባቱ ስም ብቻ ብትጠራው ወይ አባቱን እየጠራህ ነው፣ ወይ ሰውየውን አታውቀውም ማለት ነው። «የስሙ ታዋቂ ባለቤቶች» ብሎ የጠየቀው ወረቀት ራሱን በቀለን እንጂ የበቀለን ልጆች የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ስሙ የራሳቸው የሆነ ሰዎች ከፈለግህ እኔ ልንገርህ። በቀለ ደበሌ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 በእንግሊዝ ጌትስሄድ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮናን ያሸነፈ። ዛሬ ብዙ ሰው ረስቶታል፤ ቀነኒሳ በሄደበት ጭቃ ላይ ግን አስቀድሞ የሄደ በቀለ እርሱ ነው። በቀለ ሞላም አሉ፤ በስምጥ ሸለቆ መንገድ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ሻሸመኔ፣ አርባ ምንጭ ድረስ ሆቴል የሠሩ። እኛ ወጣት ሳለን «ላንጋኖ እንሂድ» አይባልም ነበር፤ «በቀለ ሞላ እንሂድ» ነበር የሚባለው። ሰው በስሙ ቦታ ሲጠራበት ማየት ከፈለግህ ይኸውልህ። የአባቱ ስም ሳይሆን የራሱ።


ሩጫ ወዳድ

እማማ፣ እጄን ሰጥቻለሁ። ጭራሽ በቀለ ደበሌን መርሳቴ ለእኔ ነውር ነው።

የእርስዎ ነጥብ ከአንድ ሌላ ታሪክ ጋር ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ የጫማ ኩባንያ በባዶ እግር ለመሮጥ የሚመስል ጫማ አውጥቶ ስሙን «ቢቂላ» አለው። አበበ በ1960 ሮም ላይ ባዶ እግሩን ሮጦ በማሸነፉ መሆኑ ግልጽ ነው፤ በኋላም ቤተሰቡ ጉዳዩን ወደ አሜሪካ ፍርድ ቤት ወስደውት ነበር። ክርክሩን ትቼ ስሙን ብቻ ልያዝ። ሮም ላይ የሮጠው አበበ ነው። ጫማው ላይ የተጻፈው ግን ማራቶን ሮጦ የማያውቀው አባቱ ነው።


አሌክሳንድርያ ቨርጂኒያ

የቤተሰብ ስም ትርጉምና ዓርማ የሚሸጥ ድረ ገጽ ላይ «በቀለ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ለ«በቀለ ቤተሰብ» የተዘጋጀ የጋሻ ዓርማ አቀረበልኝ፣ አንበሳና ሁለት ቁልፍ ያለበት። ገዝቼ ለአባቴ ልልክ አስቤ ነበር።


የጥንቱ ሬዲዮ

ወንድሜ፣ ገንዘብዎን ይቆጥቡ። በቀለ የሚባሉት ሁሉ አንድ ቤተሰብ አይደሉም፤ አንድ ብሔር ወይም አንድ ክፍለ አገር እንኳን አይደሉም። ስሙ ከአርሲ እስከ ሸዋ፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ፣ በአማርኛ ተናጋሪውም በኦሮሞውም ቤት ይወጣል። አንበሳውን ከየት አምጥተው እንደሰጡን አላውቅም፤ ቢያንስ ገብስ ቢያደርጉት።


ሕግ አንባቢ (አዲስ አበባ)

የሕጉን ጎን ጠቅሶ የጻፈ ስለሌለ ጥቂት ልበል። የቤተሰብ ስም ለኢትዮጵያ ፈጽሞ ያልታሰበ ነገር ነው ብለን ብንወስድ ልንሳሳት እንችላለን። በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ስም በሚደነግግበት ክፍል፣ ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ የተጸውዖ ስምና የአባት ስም እንደሚኖረው ይናገራል፤ ልጅም የአባቱን የቤተሰብ ስም እንደሚይዝ ያስቀምጣል። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩና የአውሮጳው አሠራር ጥላ ይታይበታል። ሕዝቡ ግን አልተከተለውም። ከስድስት ዐሥርት ዓመታት በላይ አልፎም የኢትዮጵያዊ ስም የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ ካስፈለገም የአያት ስም ሆኖ ቀጥሏል፤ በየትውልዱም አንድ ደረጃ ይንሸራተታል።

ይኸው ሕግ ያገባች ሴት የራሷን ስም እንደያዘች እንደምትኖር ይደነግጋል፤ ይህኛው ከልማዳችን ጋር ስለሚስማማ ማንም አልተከራከረበትም።

ውጭ አገር ሲኬድ ደንቡ የተለያየ መልክ ይይዛል። ስለ ኢትዮጵያ የሚጽፉ ምሁራን ኢትዮጵያውያን ደራስያንን የሚደረድሩት በራሳቸው ስም ነው፤ ታሪክ ጸሐፊው ባሕሩ ዘውዴ በ«ባሕሩ» እንጂ በ«ዘውዴ» አይፈለጉም። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተርም በይፋ «ዶክተር ቴድሮስ» እየተባሉ መጠራታቸውን ሁላችን ሰምተናል። ስለዚህ «ስማችንን ፈረንጅ እንደፈለገ ይጥራው» የሚለው ተስፋ መቁረጥ ብቸኛው መንገድ አይደለም። የልደት ምዝገባ ቅጽ ግን ከዚህ ሁሉ የጠነከረ ነው፤ በአንድ ሳጥን ውስጥ አንድ ስም ይጠይቃል፣ የተጻፈውም ለልጅ ልጅ ይተላለፋል።


ነታንያ

እኛ ዘንድ ሳጥኑን የሞላው ሌላ ሰው ነበር። በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን ከአሥራ አራት ሺህ የሚበልጥ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ወደ እስራኤል ሲጓጓዝ እኔም በእናቴ ጀርባ ነበርኩ። ሲመዘግቡን ለአንዱ የአባቱን፣ ለሌላው የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ጻፉ። እኔና አንድ እናትና አንድ አባት የወለደን ታላቅ ወንድሜ ዛሬም የተለያየ የቤተሰብ ስም ነው ያለን፤ በወታደርነት ጊዜ ወንድማማች መሆናችንን ለማስረዳት ወረቀት አምጡ ተብለናል። ስለዚህ ለሚወለደው ልጅ ሲያስቡ፣ ወንድሜ፣ ከሐና ጋር አንድ ስም ይኑራቸው ብዬ እመክራለሁ። የቀረው ይታረማል፤ ይህ ግን ዕድሜ ልክ ያስረዳሉ።


የሁለት ልጆች እናት (ሚኒያፖሊስ)

እኔ የምጽፈው ከሌላኛው ወገን ነው። የእኔ የቤተሰብ ስም የአባቴ ስም ነው፤ የልጆቼ ደግሞ የባለቤቴ አባት ስም ነው። በእኛ ደንብ ይህ እንከን የለውም። ባለፈው በጋ ግን ልጆቼን ይዤ ስመለስ አንድ የድንበር ሠራተኛ ስማችን ስለማይገጥም የእነዚህ ልጆች እናት መሆኔን እንዳስረዳ ጠየቀኝ። የልደት ምስክር ወረቀታቸውን ቤት ትቼ ነበር። ትንሿ ልጄ «እማዬ» እያለች ታለቅስ ነበር፤ ያ እንደ ማስረጃ አልተቆጠረም። ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ለቀቁን። ከዚያ ወዲህ የምስክር ወረቀቱን ቅጂ ከፓስፖርቱ ጋር አጣብቄ ነው የምዞረው። ባለቤትዎም እንዲሁ ቢያደርጉ ይሻላል፤ ስማቸውን ግን እንዲቀይሩ አይጠይቋቸው፤ እኔም ተጠይቄ እምቢ ብያለሁ።

ስለሚወለደው ልጅ፣ የእርስዎን ስም በመካከለኛ ስምነት ያስገቡት። የልጁ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የአያቱ ስም ተብሎ በእኛ ሥርዓት ሙሉ ሆኖ ይነበባል፤ ለእነርሱም የቤተሰብ ስም ያገኛሉ። የእኔ ልጆች እንደዚያ ናቸው፤ እዚህ የሚያስቸግረው ትምህርት ቤቱ መካከለኛውን በአንዲት ፊደል አሳጥሮ መጻፉ ብቻ ነው።


የሐና አባት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ የእማማን ምክር ደግሞ በተለይ። ሐናም የጻፋችሁትን እየተረጎምኩላት አብራኝ አነበበች። ቅዳሜ ጠዋት በእኛ ሁለት ሰዓት፣ በደብረ ብርሃን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለአባቴ ደወልን። የክፍል ጓደኛዋ ስለ ስሙ መነሻ መጽሐፍ ሲያገላብጥ፣ የእርሷ የቤተሰብ ስም መነሻ ስልክ አንስቶ «አቤት» ማለቱ በጣም አስደነቃት።

አባቴ የነገሯትን እንዳለ ልጻፍ። ከእርሳቸው በፊት ሁለት ልጆች ተወልደው አልቆዩም። እርሳቸው በ1938 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ሲወለዱ ክረምቱ ገብቶ የደጃፉ ገብስ ገና ጫፉን ማውጣቱ ነበር፤ አያታቸው ከማሳው ተመልሳ «ይህስ በቀለ» አለች፣ ስሙም እንደዚያው ጸና። በክርስትና ሌላ ስም እንዳላቸውም ያን ቀን ነው እኔም የሰማሁት። ሐና «ከዚያ በፊትስ የቤተሰባችን ስም ማን ነበር?» ብላ ስትጠይቃቸው፣ ጥያቄው አልገባቸውም፤ የገባቸው መስሏቸው ግን አባታቸውን፣ የአባታቸውን አባት እያሉ ሰባት ቤት ቆጠሩላት። እርሷ አራተኛው ላይ ስትደርስ እርሳቸው ጨርሰው ነበር። ወረቀቱ ላይ የተተወው ቦታ አንድ መስመር ብቻ ስለነበረ ስሞቹን በጀርባው ጻፈቻቸው።

ስለ ታዋቂዎቹ እማማ እንዳሉት በቀለ ደበሌንና በቀለ ሞላን አስቀደመች። ቀነኒሳንም አልተወችውም፤ «የበቀለ ልጅ» የሚል ርዕስ አውጥታ ለብቻው አስቀመጠችው፣ ብዙነሽንና ሂሩትንም እዚያው ሥር። አባቴን ቀነኒሳ ከእርሳቸው ጋር አንድ የቤተሰብ ስም እንዳለው ስትነግራቸው ሳቁ፤ «ሮጦ ያሸነፈው ቀነኒሳ ነው፤ በቀለ ምን አደረገ?» አሏት።

የሚወለደውን ልጅ በተመለከተ፣ ከነታንያ የጻፉልኝ ወንድሜ ነገር ከብዶን፣ ከሐና ጋር እንዳይለያይ «በቀለ» እንዲባል ከባለቤቴ ጋር ተስማማን። ከሚኒያፖሊስ የጻፉልኝ እህቴ እንደመከሩኝ ስሜን በመካከል ልናስገባ ብንል፣ ለሐና ያኔ ስላላደረግነው እንደገና ልዩነት ሊሆን ነው፤ በእርሱ ላይ እስካሁን እየተነጋገርን ነው። ውሳኔያችንን ለአባቴ ስነግራቸው በስማቸው ይኮራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ዝም ብለው ቆዩና «ልጆችህ በቀለ ከተባሉ፣ የእነርሱም ልጆች በቀለ ከተባሉ፣ ታዲያ የአንተ ስም የት ሊገባ ነው?» አሉኝ። እስካሁን አልመለስኩላቸውም።